ግሬስ ያመጣችልን ጎመን

ሐሙስ ከሰዓት... እናቴ ከፍልሰታ ቅዳሴ ተመልሳ ነጠላዋን እንኳ ሳታወልቅ በሩ ተንኳኳ። ጎረቤታችን ግሬስ ናት። ትንሽ ድስት በፎጣ ጠቅልላ ይዛለች፤ ሁለቱ ልጆቿም ከኋላዋ ተከትለዋል።

ግሬስ ኬንያዊት ናት። ባሏ በሥራ ተዛውሮ ሲመጣ ፒያሳ፣ እኛ ግቢ ተከራዩ። ይኸው ዓመት ሊሞላቸው ነው። የታሸገ ምግብ ቤቷ አይገባም፤ ለልጆቿ በየቀኑ አትክልት ገዝታ ራሷ ነው የምታበስለው። የትኛዋ የጉልት ሻጭ ደህናውን ቲማቲም ከላይ ደርድራ የፈረጠውን ከሥር እንደምትደብቅ ያሳየቻት እናቴ ናት። የሚግባቡበት ሃያ ቃል ቢኖራቸው ነው... ሲያወሩ ግን ግቢው ይደበላለቃል።

የማይስማሙት በጎመን ብቻ ነው። ግሬስ እንደ ክር አቅጥና ትከትፈውና ከሽንኩርትና ከቲማቲም ጋር አምስት ደቂቃ አመስ አድርጋ ታወጣዋለች። «ይሄ እኮ ገና ሣር ነው!» ትላለች እናቴ።

ድስቱ ሲከፈት ጎመን ነው።

«የጾም መሆኑን ጠይቃት» አለችኝ እናቴ። በእንግሊዝኛ ጠየቅኳት። «አዎ፣ ለጾሟ ብዬ ነው የሠራሁት» አለች ግሬስ።

እማዬ አማትባ ጎረሰች። ግሬስን አየቻት። ከዚያ ደገመች።

«ምን ብትጨምርበት ነው እንዲህ የጣፈጠው? በላት።»

ግሬስ ፊቷ በራ። «ጾሙ ሲያከሳት አሳዘነችኝ። የሚያጠነክራት ነገር ብዬ ጠዋት ሙሉ አጥንት ቀቅዬ በመረቁ ነው የሠራሁት። ሥጋ እንደማትበላ አውቃለሁ፤ አንዲት ቁራጭ እንዳትገኝበት ሁለት ጊዜ አጥልዬዋለሁ!»

እናቴ ጾም ገድፋ አታውቅም። ታማ ተኝታ እንኳ «ወተት ጠጪ» ያላትን ሐኪም አኩርፋዋለች። ልንገራት? ይቺ ስትለፋ የዋለች ሴት ልጆቿ ፊት ልታፍር ነው። ልደብቃት? የገዛ እናቴን ጾም እያየሁ ላስገድፍ ነው...

«ምን አለች?»

«ነጭ ሽንኩርት ነው አለች... ብዙ ነጭ ሽንኩርት።»

«እህ» አለች እናቴ። ግሬስን ጉንጯን ስማ «እጅሽ ይባረክ ልጄ» አለቻት። ልጆቹንም አንድ በአንድ አጎረሰቻቸው። ግሬስ ደስ ብሏት ወጣች።

በሩ እንደተዘጋ እናቴ ድስቱን ወደ እኔ ገፋችው። «በል ጨርሰው። አንተ እንደሆነ አትጾም።»

«ምነው፣ ጣፍጦሽ አልነበረም?»

«አንተ! ይሄን ሁሉ ዓመት ጎመን በሥጋ እየሠራሁ ያሳደግኩህ ሴትዮ የመረቅ ጣዕም የሚጠፋኝ መሰለህ? ገና ስጎርሰው ነው ያወቅኩት።»

«ታዲያ ለምን ደገምሽ?»

«ልጆቿ እያዩ ልትፋው? ለኔ ብላ ስትቀቅል የዋለች ልጅ! ሌላ ቀን ቀስ ብለህ ታስረዳታለህ። ዛሬ ግን ትንፍሽ እንዳትል።»

እውነቱን ለመናገር በዚያች ደቂቃ እናቴን እንደዛ የወደድኩበት ቀን ትዝ አይለኝም። እቅፍ አድርጌ ላመሰግናት ስጠጋ በእጇ አቆመችኝ።

«የእኔን ለንስሐ አባቴ እነግራለሁ... የአንተን ውሸት ግን ራስህ ሄደህ ተናዘዝ!»