የቧንቧ ሠራተኛው ሦስት ቀጠሮዎች

ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰው ቤት ቧንቧ ሲጠግን የኖረ ሰው ነበር። ጎረቤቶቹ «ጠብ አይልም» ይሉታል፤ እርሱ ከነካው በኋላ ጠብ የሚል ውሃ የለምና። በእጁ ይመካ ነበር፤ መመካቱም ያምርበት ነበር።

አንድ ጊዜ ራስ ምታት ሲጠናበት ሚስቱ እየጎተተች ሐኪም ቤት ወሰደችው። ሐኪሟም አንጎሉ ውስጥ ከልብ የሚመጡትና ወደ ልብ የሚመለሱት የደም ሥሮች በመካከላቸው ሊኖሩ የሚገባቸው ቀጫጭን ሥሮች ሳይኖሩ በቀጥታ ተገናኝተው፣ እንደ ልቃቂት መተብተባቸውን በተነሣው ፎቶ ላይ አሳየችው።

«አንድ ሕክምና ብቻውን አይጨርሰውም» አለች። «መጀመሪያ በብሽሽትዎ በኩል ቀጭን ቱቦ አስገብተን የተወሰኑትን በማጣበቂያ እንደፍናለን። ከሦስት ሳምንት በኋላ በቀዶ ሕክምና የሚወጣውን እናወጣለን። ከሥር የሚቀረውን በጨረር። አለቀ የሚባለው ሦስቱም ሲያልቁ ነው።»

«ማጣበቂያ ካላችሁማ የአንድ ሙያ ሰዎች ነን!» ብሎ ሳቀ።

መድፈኑ ተሠራለት፤ ራስ ምታቱም እንደ እንግዳ ተነሥቶ ሄደ። የቀዶ ሕክምናው ቀን ሲደርስ ግን አሻፈረኝ አለ።

«አንተ ሰውዬ፣ ተነሥ እንጂ! ዛሬ እኮ ነው» አለች ሚስቱ።

«የማያንጠባጥብ ቧንቧ አይፈታም። ጣጣው የሚመጣው የፈታሽው ለታ ነው።»

«እና ሐኪሟ ለጨዋታ ነው የቀጠረችህ?»

«እኔን ስለ ቧንቧ አታስተምሪኝ፣ እመቤቴ።»

መሣሪያውን ተሸክሞ ወደ አንድ ፎቅ ምድር ቤት ወረደ። እዚያ ካሉት ሁለት የውሃ መስመሮች አንዱን ሲዘጋ የሌላው ግፊት ጨመረ፤ የመለኪያው ቀስት ዓይኑ እያየ ሽቅብ ወጣ። በሺህ ቤት ያወቀውን ይህን ነገር ስለ ራሱ ጭንቅላት አንድም ቀን አስቦት አያውቅም ነበር። አሁን አሰበው። መፍቻውን አስቀምጦ ወደ ደረጃው ተጣደፈ። ሦስተኛው ደረጃ ላይ ቀኝ እጁ ከዳው፤ ቀጥሎም እግሩ።

አንጎሉ ውስጥ ደም ፈስሶ ነበር። አስቸኳዩ ቀዶ ሕክምና ነፍሱን አተረፈ፤ ቀኝ እጁንና ግማሽ አንደበቱን ግን አላተረፈም።

«የቀረውን ጨረሩ እስኪዘጋው ሁለት ሦስት ዓመት ይፈጃል» አለች ሐኪሟ። «እስከዚያ እንደገና ሊደማ ይችላል።»

ቃላቱን አንድ በአንድ እየቆፈረ አወጣ። «ያን… ቀን… ብመጣ ኖሮ?»

«ይሻል ነበር» አለች፤ አልሸሸገችውም።

ሚስቱ የጨረር ሕክምናውን የፈቃድ ወረቀት እንዳይንሸራተት ያዘችለት። በግራ እጁ፣ መጻፍ እንደሚማር ሕፃን እየጫረ ፈረመ። ፊርማው የእርሱ አይመስልም ነበር።