እታፈራሁ የፈታችው ጎማ

ሰመራ ላይ ጎማው የተነፈሰበት ሾፌር «እታፈራሁ የት ናት?» ይላል እንጂ «ጎሚስታ የት አለ?» ብሎ አይጠይቅም። እታፈራሁ ከደሴ የመጣችው ሻይ ልትሸጥ ነበር። ሻዩ አላዋጣም። ጎረቤቷ የነበረው ጎሚስታ ግን ወገቡን በታመመ ቁጥር ክሪኩን እንድትይዝለት ይለምናት ስለነበር በዚያው እጇ ሙያውን ለመደ። ዛሬ የከባድ መኪና ጎማ ስታወርድ አይቶ «ክንዷ የወንድ ነው» የሚል አይጠፋም። ክንዷስ የራሷ ነው!

አንድ አመል አላት። መጠጥ መጠጥ የሚል ሾፌር ከመጣ ጎማውን ትፈታለች፣ ትጠግናለች፣ አትገጥምም። ዱሮ ቢራው እየሸተታት ዝም ብላ የሸኘችው ደንበኛ ሚሌ ሳይደርስ ተገልብጦ ሞቷል። እስካሁን ያንገበግባታል።

ባለፈው ሰኔ በጠራራ ፀሐይ ኃይለ ልዑል ነዳጅ የጫነ ቦቴውን ይዞ መጣ። የአሥር ዓመት ደንበኛዋ ነው፤ ከገላፊ ሲመለስ ሌላ ጎሚስታ ጋ ቆሞ አያውቅም። ጎማውን ካወረደች በኋላ ጠጋ ብሎ ሲያወራት ሸተታት።

«ጠጥተሃል» አለችው።

«ኧረ እታለም፣ ጨብሲ ነው! ሰርዶ ላይ ቅሜ ምርቃናዬን ልስበር ብዬ ነው። ጫቱ አንቅቶኛል፣ ቢራው ምንም አይለኝም።»

«ጫቱ እንቅልፍህን ቢያባርር ስካርህን አያባርርም። ተኛ፣ ነገ እገጥምልሃለሁ።»

«ዛሬ አዋሽ ማደር አለብኝ! ካልገጠምሽ ሁለተኛ ደጅሽን አልረግጥም!»

«አትርገጥ!»

አፏ ደፈረ እንጂ ሆዷ ፈርቷል። የአሥር ዓመት ደንበኛ ማጣት ቀላል አይደለም። ደግሞ ይኼ ሰው እንደምንም ብሎ ከሄደ ከኋላው ያለው ነዳጅ ነው።

ኃይለ ልዑል እየተሳደበ ማዶ ወዳለው ጎሚስታ፣ ወደ ካሕሳይ ሄደ። ካሕሳይ ደንበኛ የሚሻማት ሰው ነው፤ ለዓመታት በጎሪጥ ሲተያዩ ነው የኖሩት። «በቃ፣ ለሱ ሲሳይ ወረደለት» አለች በልቧ።

ካሕሳይ መፍቻውን አላነሳም። ሾፌሩን ጠጋ ብሎ አሸተተውና፣ እሷም እንድትሰማ ይመስላል፣ ድምፁን ከፍ አደረገ።

«ወንድሜ፣ እታፈራሁ የፈታችውን ጎማ ሰመራ ውስጥ የሚገጥምልህ የለም!»

እታፈራሁ ኮምፕረሰሩን የምታይ መስላ ፊቷን አዞረች። ይህን ያህል እንደምትከበር እስከዛሬ ማንም ነግሯት አያውቅም።

ኃይለ ልዑል ተመልሶ መጣና አንገቱን ደፍቶ ቆመ።

«እሺ፣ የት ልተኛ?» አላት።