የመስቀል ሰሞን ጠባቂ

አባቴ ከጉራጌ አገር ወጥቶ ወላይታ ሶዶ የገባው ገና ጎረምሳ ሳለ ነው። ልብስ ሰፊ ነበር። እኔ የተወለድኩት እዚሁ ነው፤ መርፌ መያዝም የተማርኩት ከእሱ ማሽን ሥር ተቀምጬ ነው። የመንገድ ዳር ሱቆች ሲፈርሱ የጉራጌ ሽማግሌዎች ማዘጋጃ ቤት ተመላልሰው፣ ገበያው ውስጥ አንድ ረድፍ ሱቅ ለማኅበራችን አስፈቀዱ። አባቴ ብቻውን ሄዶ ቢሆን ኖሮ የበሩን ዘበኛም አያልፍም ነበር። ይህን አልክድም።

የአባቴ አርባ በወጣ ማግሥት ግን እነዚያው ሽማግሌዎች ከረድፉ ለአባቴ የደረሰውን ሱቅ ቁልፍ ወሰዱ። ምክንያቱ እጮኛዬ ነው። የሻንቶ ሰው፣ ወላይታ ነው። "ቦታው የማኅበሩ ነው፤ አንቺ ደግሞ ልትወጪ ነው። ለአጎትሽ ልጅ ይሁን" አሉኝ። የአጎቴ ልጅ እኮ ክር በመርፌ ማስገባት እንኳ አያውቅም!

ማዘጋጃ ቤት ሄድኩ። ኃላፊው ቀና ብሎ ሳያየኝ "እህቴ፣ እኛ የሰጠነው ለማኅበር ነው፤ ለግለሰብ አይደለም። ከሽማግሌዎቻችሁ ጋር ጨርሱ" አለኝ። እጮኛዬም ሊያጽናናኝ ብሎ "ተዪው፣ ሻንቶ ላይ በእኛ ዘመዶች በኩል ቦታ አናጣም" አለ።

"በእኔ በኩልስ?" አልኩት። ከአባቴ ወገን ወጥቼ በባሌ ወገን በኩል ልገባ ነው?

ማሽኔን የተዘጋው ሱቅ በር ላይ አቁሜ መስፋት ጀመርኩ። ዝናብ ሲመጣ ላስቲክ አለብሰዋለሁ። ሽማግሌዎቹ "ግትር ናት" ብለው ሲያሙኝ ሰማሁ። አዎ፣ ግትር ነኝ።

መስከረም ገባ። የእኛ ሰዎች በመስቀል ረድፉን ሙሉ ዘግተው አገር ቤት ይገባሉ። ወላይታ ደግሞ አዲስ ዓመቱን፣ ጊፋታን፣ የሚያከብረው በዚያው ሰሞን ስለሆነ ልብስ ሰፊ በጣም ይፈለጋል። ስለዚህ አባቴ በየዓመቱ ይቀር ነበር። እኔና እሱ የጊፋታ ልብስ እየሰፋን የሁሉንም ሱቅ እንጠብቅ ነበር። የረድፉ የብረት በር ቁልፍ ያን ሰሞን የሚያድረው እኛ ቤት ነበር።

ዘንድሮም ትልቁ ሽማግሌ ሻንጣቸውን አንጠልጥለው መጡና ያንን ቁልፍ ዘረጉልኝ።

"እንደ አባትሽ ጠብቂልን እንግዲህ። ለባዳ አንሰጥም።"

እጄን አልዘረጋሁም። "ጋሼ፣ ለጥበቃው ባዳ ካልሆንኩ፣ ለሱቁ እንዴት ባዳ እሆናለሁ?"

"ልጄ፣ ልታገቢ ነው እኮ።"

"የማገባው እኔ ነኝ፤ ማሽኑ አያገባም።"

ከመንገዱ ማዶ አገር ቤት የሚወስዳቸው መኪና ሹፌር ክላክስ ያስጮሃል። ተሳፋሪዎቹ በመስኮት ይጠሯቸዋል። እሳቸው የብረት በሩን አዩ፣ እኔን አዩ። ሌላ የሚሰጡት ሰው አልነበረም፤ ሁሉም መኪናው ውስጥ ነው። በመጨረሻ ከኮታቸው ኪስ የአባቴን ሱቅ ቁልፍ አወጡና ሁለቱንም አንድ ላይ መዳፌ ላይ አኖሩ።

"ከመስቀል መልስ ግን ማኅበሩ ይነጋገርበታል" አሉ ኮስተር ብለው።

"ይነጋገር። እኔም እገኛለሁ።"

"እዚያ ስብሰባ ላይ ሴት ተቀምጣ አታውቅም።"

"ወንበሬን ይዤ እመጣለሁ" አልኳቸው፤ ሱቄንም ከፈትኩ።