እህቷን ለማየት የመረጥናት ካሜራ

እናቴ የቴሌቪዥን ዜና አንባቢውን ፊት ከእኔ ፊት ይልቅ የምታውቅበት ጊዜ ነበር። ዘጠናዎቹ በገቡ ሰሞን ነው። ቤታችን አዲስ አበባ፣ ሩዋንዳ ከሚባለው ሰፈር ወደ ውስጥ በሚያስገባው ኮረኮንች ላይ ነበር። ማታ ማታ በርጩማዋን ከቴሌቪዥኑ አንድ ክንድ ያህል ብቻ አርቃ ትቀመጥና፣ «ዛሬ ጢሙን ተስተካክሏል» ትላለች። እውነቷን ነው፣ ተስተካክሏል። እኔ በሩ ላይ ስቆም ግን የምትለየኝ ኮቴዬን ሰምታ ነበር።

ሐኪሙ ሕመሙ ከዓይኗ በስተኋላ እንደሆነ፣ መነፅርም ቀዶ ሕክምናም እንደማይመልሰው ነግሮናል። ትልቅና ብርሃን ያለው ነገር ሲሆን ታያለች፤ ትንሽ ሲሆን መካከሉ ይጠፋባታል። የቀረውም ቢሆን እየሄደ ነው። ይህን ስንሰማ ታላቅ ወንድሜ አለቀሰ። እናቴ አላለቀሰችም። ስንመለስ ታክሲ ውስጥ ወደ መስኮቱ ዞራ ቆየችና፣ «እንግዲያው እህቴን አንድ ጊዜ በደንብ ልያት» አለች። ሌላ የጠየቀችው ነገር የለም።

እህቷ ከደሴ ወጣ ያለ ገጠር ነው የምትኖረው። እናቴ አባቴን ተከትላ አዲስ አበባ ከገባች ወዲህ ሁለቱ በሰርግና በሐዘን ካልሆነ አልተገናኙም፤ በመጨረሻዎቹ ጊዜያትም የእናቴ ዓይን ደክሞ ነበር፣ ለማንም አልተናገረችም እንጂ። ከዓመት በፊት እኔ ለሰርግ እዚያ ደርሼ ስመለስ፣ «እህቴ ምን መስላለች?» ብላ ጠየቀችኝ። ያኔ ደብተር በግጥም የምሞላ፣ ለምንም ነገር ቃል አላጣም ባይ ነበርኩ። ብዙ አወራሁላት። ስትስቅ አፏን በእጇ እንደምትሸፍን፣ አረማመዷ እንዳልቀነሰ፣ ድምፅዋ ከሩቅ እንደሚለይ ነገርኳት። እናቴ እስክጨርስ ጠበቀችኝ።

«ጥሩ ትናገሪያለሽ» አለች። «እሷ ግን አልመጣችልኝም።»

ይህ አነጋገሯ ብዙ ቀን አላስቀመጠኝም።

አክስቴ ለዒድ መጥታ አራት ቀን እንደምትቆይ በስልክ ሲነገረን፣ ካሜራ እንግዛ ያልኩት እኔ ነኝ። በቤታችን ካሜራ ኖሮ አያውቅም። ፎቶ የምንነሳው ለመታወቂያ ነው፤ ለበዓል ደግሞ ፎቶ አንሺ ይጠራል። ወንድሜ ልብስ ሊያመጣ ዱባይ ስለሚመላለስ ስለ ዕቃ ሁሉ ከእኔ ወዲያ አዋቂ የለም ይላል። አትላስ አካባቢ ወዳለ አንድ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ አብረን ሄድን።

ባለሱቁ በኪስ የሚገቡ ሦስት ካሜራዎች መስታወቱ ላይ ደረደረልን። ሁለቱ ባለፊልም ናቸው። ሦስተኛዋ ዲጂታል ነበረች፤ እንደ ሳሙና ድብልብል ያለች፣ ከኋላዋ የክብሪት ሳጥን የምታህል መስኮት ያላት።

«ይቺ ፊልም አትበላም» አለ ባለሱቁ።

«ታዲያ ምን ትበላለች?» አለ ወንድሜ።

«ባትሪ። እሱን አልደብቅህም፣ እንደ ሙክት ነው የምትበላው።»

«ፎቶውንስ የት ነው የማሳጥበው?»

«አታሳጥበውም። ኮምፒውተር ላይ ታየዋለህ።»

«ኮምፒውተር ከሌለኝስ?»

«ኮምፒውተር ያለው ጓደኛ ፈልግ።»

ወንድሜ ከባለፊልሞቹ አንዷን አነሳ። ክዳኗን በጣት ሲገፏት ትከፈታለች፤ አነጣጥሮ መጫን ብቻ ነው፣ የቀረውን ራሷ ትሠራዋለች። «ይቺ ትሁን» አለኝ። «ወረቀቱ ይቀራል። እማዬ እጇ ላይ ትይዘዋለች።» ትክክል ነበር። በዚያ ጊዜ አስተዋይ ሰው የሚመርጠው እሷኑ ነው። እኔ ግን የማስበው ወረቀቱ የመዳፍ ስፋት ብቻ መሆኑን ነበር። እዚያ ላይ ያለ ፊት ለእናቴ ከሩዝ ፍሬ አይበልጥም።

«ከቴሌቪዥን ጋር የምትገናኝ የለችም?» አልኩት ባለሱቁን።

ከዲጂታሏ ሳጥን ውስጥ ጫፉ ቢጫ የሆነ ቀጭን ገመድ አወጣ። ካሜራዋን መደርደሪያው ላይ ካለው ቴሌቪዥን ጋር አገናኘበት። ከዚያ ካሜራዋን ወደ ራሱ አዙሮ ክንዱን ዘረጋና ተጫነ። ፊቱ ቴሌቪዥኑን ሞላው። ቅንድቡ መሃል ያለች ጠባሳ፣ ያልተላጨ አገጩ፣ ሁሉም ከራሱ ከሰውየው ገዝፎ ወጣ።

«ሥራ ፈት ይመስላል» አለ ወንድሜ።

«ከጠዋት ጀምሮ ገዢ ስጠብቅ ውዬ ማንን ልምሰልልህ?»

ወንድሜን ክንዱን ይዤ «ይቺ ናት» አልኩት። እስከ ቤት ድረስ ሲያጉረመርም መጣ። ወረቀት የሌለው ፎቶ ወሬ ነው ይለኝ ነበር። በኋላ አባባሉ እውነት ሆነ፤ ፎቶ የምታስቀምጥባት ካርድ ተበላሽታ ዛሬ ከእነዚያ ፎቶዎች አንዱም በእጃችን የለም። ያን ጊዜ ግን እናቴ ፎቶ ይኑረኝ አላለችም። እህቴን ልያት ነው ያለችው።

አክስቴ በዒዱ ዋዜማ ገባች። እናቴ በሩ ላይ ፊቷን በሁለት እጇ ይዛ ሳመቻትና «ከስተሻል» አለቻት፤ በእጇ አውቃው ነው። የዓይኗ ነገር እዚህ መድረሱን ለእህቷ እንዳንነግር አስቀድማ አስምላን ነበር። «አራት ቀን ነው ያለን። ሆድ ብሷት አትክረም» ብላለች።

በነጋታው ከሶላት መልስ አክስቴን ግቢ ውስጥ ፀሐይ ላይ አቆምኳት። አረንጓዴ ቀሚሷን ለብሳ፣ ወንድሜ የሰጣትን አዲስ ጫማ አድርጋ፣ ሁለት እጇን ወደ ታች ዘርግታ ግድግዳው ላይ ተለጠፈች። ወደ እሷ አንድ እርምጃ ስጠጋ ወደ ጎን ሸሸች።

«ወዴት ነው የምትመጪብኝ? እዚያው ሁኚና ሙሉ አድርገሽ አንሺኝ።»

«ፊትሽን ነው የምፈልገው፣ እትዬ።»

«ፊት ብቻማ ለቀበሌ ነው። መታወቂያ ልታወጪልኝ ነው? እግሬን ቆርጠሽ ማን ዘንድ ልታቆሚኝ ነው? ሰው እንኳን በዒድ በአዘቦትም በግማሽ አይነሳም። ጫማዬ ይታይ።»

ምክንያቱን እንዳልነግራት ምያለሁ። ደግሞም እውነቷን ነው፤ በአገራችን ሰው ደህና ፎቶ ተነሳ የሚባለው ከራስ ፀጉሩ እስከ ጫማው ሲወጣ ነው። ጎረቤቶቻችንም ቢሆኑ ለበዓል ፎቶ አንሺ ሲያስጠሩ የሚያስጠነቅቁት እግራቸውን እንዳይቆርጥባቸው ነበር። ወደ ኋላ ተመለስኩና ሰባት ጊዜ ተጫንኩ። በትንሿ መስኮት ሳየው ሁሉም ያማረ መሰለኝ።

ቤት ገባን። መጋረጃውን ዘጋሁ፣ ገመዱን ሰካሁ። እናቴ በርጩማዋ ላይ ተቀመጠች። እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ነበር፣ ሐኪም ቤት ተራ እንደምትጠብቅ። የመጀመሪያው ፎቶ ወጣ። ግድግዳው ትልቅ ነው፣ ቀሚሱ ትልቅ ነው፣ ጫማው ያበራል። ፊቷ ሎሚ አያክልም።

እናቴ ጎንበስ አለች። «ቀሚሱ አረንጓዴ ነው» አለች።

ሁለተኛውን አወጣሁ።

«ይሄም አረንጓዴ ነው።»

ሰባተኛው ላይ ስንደርስ ቀና አለችና «ያምራል» አለች። ወንድሜ አየኝ።

ከኋላችን ቆማ ጫማዋን እያየች ስትስቅ የነበረችው አክስቴ ሳቋን አቆመች። መጥታ ቴሌቪዥኑን ትታ የእናቴን ዓይን ማየት ጀመረች።

«እታለም፣ እዚያ ላይ ያለው ማን ነው?»

«አንቺ ነሽ፤ ማን ይሆናል?»

«ፊቴ ይታይሻል?»

እናቴ አቀረቀረች። በመጋረጃው ስንጥቅ የገባው ብርሃን ምንጣፉ ላይ ነበር፤ ሁላችንም እሱን እናይ ጀመር። አክስቴ በሩን ከፈተችና ደፉ ላይ ተቀመጠች። ፊቷን ወደ ፀሐይ አደረገች።

«ነይ ልጄ» አለችኝ። «የፈለግሽውን ያህል ቅረቢ።»

ትንፋሿ እጄን እስኪነካኝ ቀረብኩ። ከግንባሯ እስከ አገጯ ብቻ አስገባሁ። ዓይኗን ሳታርገበግብ ጠበቀችኝ።

ፊቷ ቴሌቪዥኑን ሲሞላው እናቴ ከበርጩማው ተነስታ ተንበረከከች። አፍንጫዋ መስታወቱን ሊነካ ምንም አልቀረውም። በዓይኗ ከአንደኛው ጉንጭ ወደ ሌላው ቀስ ብላ ሄደች፤ ወደ ግንባሩ ወጣች፣ ወረደች። ከዚያ ወደ እኛ ሳትዞር፣

«እናቴን ከየት አመጣችኋት?» አለች።

አያቴ የሞተችው እኔ ሳልወለድ ነው። ፎቶ ተነስታ አታውቅም።

«እኔ ነኝ፣ እታለም» አለች አክስቴ።

«አንቺማ እንዲህ አልነበርሽም።»

«አልነበርኩም። ሆንኩ እንጂ።»

እናቴ መዳፏን መስታወቱ ላይ አደረገች። «ፊትሽን እይዘዋለሁ ብዬ ነበር» አለች። «ለካ የያዝኩት የልጅነትሽን ነው። ስታወሪኝም ለዚያች ልጅ ነበር የምመልሰው።» ማልቀሷን ከድምፅዋ አይደለም ያወቅነው፤ መስታወቱ በትንፋሿ ጉም ለበሰ። በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችውና ደግማ አየች። ከዚያ እኔንም አንሺኝ አለችኝ።

አልፈለግሁም ነበር። ወንድሜ ግን አገጩን ቀና አድርጎ እሺ በያት የሚል ምልክት ሰጠኝ። ወደ በሩ ደፍ ወሰድኳት፤ ባየችኝ ሰዓት ዓይኗ ያረፈው ከትከሻዬ አጠገብ ነበር። ፎቶዋን ሳወጣው ብዙ ጊዜ አየችው፣ ከእህቷም ፎቶ ይበልጥ።

«ይህችኛዋን አላውቃትም» አለች።

አክስቴ ምንጣፉ ላይ አጠገቧ ተቀመጠች። «እኔ አውቃታለሁ» አለቻት። «ቅንድቧ የአባታችን ቅስት ቅንድብ ነው፤ እሱ ሲቆጣ እንኳ ቀጥ አይልም ነበር። ይህቺ አፏ ዳር ያለችው መስመር ልጆችሽን ስትቆጪ የወጣች ናት። ይህቺኛዋ ባልሽ የሞተ ጊዜ ነው የወጣችው፤ ለለቅሶው መጥቼ አይቻታለሁ። ከጆሮዋ ሥር ያለችውን ደግሞ...»

«ቀስ በይ» አለቻት እናቴ፣ ጣቷን መስታወቱ ላይ ወደዚያ እየወሰደች። «እያየሁ ነው።»