በረዶ የነካው ደም

ሥራ የጀመርሁ ቀን የደባርቁ ላቦራቶሪ ኃላፊ አቶ ይርጋ አንድ ብልቃጥ ሰጡኝና «እስኪ የተለጠፈውን ስም አንብቢው» አሉኝ። ትምህርቴ እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ፊደል በፊደል፣ ቀስ ብዬ አነበብሁ። «ይበቃል። ችኩል ሰው ነው ስም የሚያሳስት» አሉ።

ሥራዬ የደም ናሙና ጎንደር ማድረስ ነበር። አቶ ይርጋ የናሙናውን ሳጥን ከፍተው አደራረጉን አሳዩኝ፦ በረዶው ከታች፣ በላዩ ወፍራም ፎጣ፣ ከፎጣው በላይ ብልቃጦቹ ቆመው። ሦስት ጊዜ አስደገምኋቸው። በአራተኛው «አንቺ ሴት፣ ይህ ሳጥን ነው እንጂ አራስ ልጅ አይደለም» አሉኝ።

እኔ ግን እንደ አራስ ነው የያዝሁት። ሚኒባስ ላይ ከጭኔ አይወርድም። አንድ ቀን ረዳቱ «እታለም፣ ሳጥኑን ጣሪያ ላይ ልጫንልሽ?» አለኝ። «የሰው ደም ነው» አልሁት። በዚያ ቀን አጠገቤ የሚቀመጥ ሰው ጠፋ፤ እስከ ጎንደር ተንሰራፍቼ ሄድሁ።

ሁለት ልጆች ብቻዬን ነው ያሳደግሁት። ብርድ ይመታቸዋል ብዬ ስለምፈራ ደራርቤ ነበር የማለብሳቸው። ታናሺቱ ከሙቀቱ የተነሣ ሽፍታ ወጥቶባት ሐኪም ልብሷን አስወልቆኛል። ከዚያም አልተማርሁም።

የኔታ ክንዴ የዳባት ሰው ናቸው፤ ዜማ ያስተምራሉ። በወጣትነታቸው የወፍ በሽታ ይዟቸው ነበር። ኋላ ጉበታቸው ላይ ዕጢ ተገኘ፤ ካንሰር ነው ተባለ። የጎንደሩ ሐኪም ዕጢውን ቆርጦ ለማውጣት ከመወሰኑ በፊት ደማቸው እንዲታይ አዘዘ። ጎንደር መመላለሱ ስለሚያደክማቸው ደሙ እኛ ዘንድ ተቀዳ።

አቶ ይርጋ ነገሩን አስረዱኝ። «አንዱ ምርመራ ዕጢው ደም ውስጥ የሚተወውን ምልክት ይለካል። ከፍ ካለ ዕጢው ክፉ እንዳይሆን እንሰጋለን። ሌላው የጉበቱን ጉዳት ያሳያል። ጉበት ሲጎዳ ወደ ደም የሚያፈሰው ነገር አለ፤ እሱ በጣም ከበዛ ጉበቱ ቀዶ ጥገናውን ላይችለው ይችላል። ሐኪሙ ሁሉንም አይቶ ነው አደጋውን የሚመዝነው።»

የዚያን ዕለት መብራት ጠፍቶ ነበር። ደሙ እኛ ማሽን ላይ ሳይዞር፣ ቀዩም ከውሃው ሳይለይ እንዳለ ሄደ። ፀሐዩ ከረር ብሏል። ደሙ እንዳይበላሽ ፈራሁ። ፎጣውን አወጣሁና በቦታው ሌላ በረዶ ጨመርሁ፤ ብልቃጡን መሐሉ ከተትሁት። ጎንደር ስደርስ ብልቃጡ ከበረዶው ጋር ተጣብቋል። አላቅቄ፣ በነጠላዬ ጠርጌ አስረከብሁ።

ውጤቱ ሲመጣ አቶ ይርጋ ወረቀቱን ይዘው መጡ። «የዕጢው ምልክት ዝቅተኛ ነው፤ ይህ ደግ ነው። የጉበታቸው ግን ሰማይ ነክቷል። ሐኪሙ ቀዶ ጥገናው ይቅር ብሏል፤ ለቤተሰቡም ተነግሯል» አሉ። ቀጥለውም «እኒህ ሰውዬ ግን ደም የሰጡ ዕለት ከመናኸሪያ ድረስ በእግራቸው ነው የመጡት፤ ጉበቱ ያለቀ ሰው እንዲህ ይሄዳል?» አሉ።

የተጣበቀው ብልቃጥ ታየኝ። ዝም ማለት እችል ነበር። ሥራው የልጆቼ ጉርስ ነው።

«አቶ ይርጋ፣ ደሙን በረዶ ነክቶታል። ፎጣውን ያወጣሁት እኔ ነኝ» አልሁ።

«መቼ ነው ያወቅሽው?»

«ሳስረክብ።»

«ያን ጊዜ ለምን አልተናገርሽም?»

«ፈራሁ።»

«በረዶ ሲነካው ቀዩ ደም ይሰበራል። ሲሰበር ጉበት የሚያፈሰውን ያንኑ ነገር እሱም ያፈሳል። ታዲያ የተለካው የጉበታቸው ይሁን የበረዶሽ በምን ይታወቃል?» አሉና ጎንደር ደወሉ። የደሙ ውሃ መቅላቱን ለካስ ጎንደሮች ወረቀቱ ጥግ ላይ ጽፈውት ኖሯል፤ እኛም ሐኪሙም ልብ አላልነውም። አቶ ይርጋ ስልኩን ዘግተው ጥፋቴን መዝገብ ላይ ጻፉ፤ አስፈረሙኝ። «አሁን ሂጂና ለየኔታ በራስሽ አፍ ንገሪያቸው» አሉ።

ዳባት ስደርስ ትልቁ ደቀ መዝሙር ያስተምራል። የኔታ የመምህርነት ወንበራቸውን አስረክበው ጥግ ላይ ተቀምጠዋል። እግራቸው ሥር ተንበርክኬ የሆነውን ነገርኋቸው።

«ስንት በረዶ ነው የጨመርሽው?» አሉኝ።

«ያለውን ሁሉ፣ የኔታ።»

«ለራስ ዳሸን እንኳ አላስተረፍሽም በይኛ።»

ባለቤታቸው ከውስጥ ሰምተው ወጡ። «ሦስት ቀን ሙሉ ያለቀስሁትን ማን ይመልስልኛል?» አሉ።

«ልቅሶው ይቀመጥልሽ፤ ኋላ መፈለጉ አይቀርም» አሏቸው የኔታ። ወደ እኔ ዞሩ። «ተማሪ ዜማ ሲስት ከመጀመሪያው ነው የማስደግመው። ደሜም ይደገም። ተነሺ ልጄ።»

በማግስቱ ደባርቅ መጥተው ደማቸው ተቀዳ። መብራት ነበር። ማሽኑ አዞረውና ውሃው እንደ ጠጅ ብጫ ሆኖ ከላይ ተንሳፈፈ፤ እሱን ብቻ በሌላ ብልቃጥ ያዝን። ፎጣውን ሳነጥፍ አቶ ይርጋ ቆመው አዩኝ። ጎንደር ሳስረክብ ማንም ሳይጠይቀኝ ስንት ሰዓት እንደ ተቀዳ፣ በምን እንደ መጣ ተናገርሁ።

በሦስተኛው ቀን ስልክ ተደወለ። አቶ ይርጋ እየሰሙ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ወርዷል። ከጤነኛ ሰው ትንሽ ከፍ ይላል እንጂ ይችሉታል። ቀዶ ጥገናው ይሠራል» አሉኝ።

ወለሉ ላይ ተቀመጥሁ። «ወለሉ ገና አልተወለወለም» አሉ። አልተነሣሁም። በዚያ ሳምንት እህል ከአፌ የገባው ያን ቀን ነው።

ዕጢው ወጣ። የኔታ አገገሙ፤ ወንበራቸውንም መልሰው ያዙ። ዕጢው ተመልሶ እንደሆነ ለማወቅ አሁንም በየጊዜው ደማቸው ይታያል፤ የማደርሰው እኔ ነኝ።

ለአዲስ ገቢዎች የምላቸው ይህን ነው። በረዶው ለሳጥኑ ነው፤ ብልቃጡን አይንካ። ከነካው ስታስረክቡ ተናገሩ።