ለጡት ልጅነት የመጣው ማር

ማሩን ያመጣው የአክስቴ ባል ነው። ሽንዲ ካሉት ዘመዶቹ ለምኖ፣ በትንሽ ቅል ይዞ መጣ። እናቴ ከሞተች ዓመት አልሞላም ነበር። አባቴ ፍኖተ ሰላም ላይ ሌላ ሚስት ለማግባት ሽር ጉድ ይላል፣ እኔ ደግሞ ማስቀመጫ እንደጠፋለት ዕቃ ከአንዱ ዘመድ ቤት ወደ ሌላው እላካለሁ። አክስቴ የእናቴ ታላቅ እህት ናት፤ ካገባች ብዙ ዘመን ቢሆናትም ልጅ አልወለደችም። ስለዚህ ዘመድ ተመካከረና የእሷ የጡት ልጅ እንድሆን ተወሰነ። ወጉ ቀላል ነው። ሽማግሌዎች ባሉበት ሴትዮዋ ጡቷን ማር ትቀባለች፣ ልጁ ይጠባል፤ ከዚያ ወዲያ ልጇ ነው። ይወርሳታል፣ ሲመሽባት ይጦራታል።

ቤታቸው ከቡሬ ወጣ ብሎ ነበር። ሽማግሌዎቹ መደቡ ላይ ተደርድረዋል፣ እኔም አዲስ ቀሚስ ለብሼ መሀል ቆሜያለሁ። አክስቴ ቅሉን ይዛ ጓዳ ገባች። እዚያው ቆየች። ስትወጣ ነጠላዋን ደረቷ ላይ ጥብቅ አድርጋ ተከናንባለች። «ይቅር» አለች። ምክንያቱን ቢጠይቋት፣ ባሏ ቢለምናት፣ አባቴ ቢቆጣ ሌላ ቃል አልወጣትም። የዚያኑ ቀን በእህል ጫኝ መኪና ወደ ፍኖተ ሰላም ተመለስን። እኔም ነገሩን መንገድ ላይ በልጅ ጭንቅላቴ ጨረስኩት፤ በደንብ አየችኝና አልወደደችኝም።

ቂመኛ ነኝ፤ የሚያውቀኝ ሁሉ ይህን ያውቃል። ክረምት ክረምት አባቴ ወደ እሷ ሲልከኝ እንደ እንግዳ ነበር የምቀመጠው። ጥሩውን እያነሳች ብታጎርሰኝ፣ ፀጉሬን ብትሠራኝ ልቤ አልላላ አለ። ባሏም በመጨረሻ ንብረት ተካፍሎ ሄደ፤ ሽንዲ ሌላ አግብቶ ወለደ። ለአባቴ «መካን ስለሆነች አይደለም የተውኳት፤ ደጃችን ድረስ የመጣችውን ልጅ ስለመለሰችብኝ ነው» ብሎት ነበር። ይህን ስሰማ ደስ አለኝ። እንዲህ ዓይነት ልጅ ነበርኩ።

ከእነዚያ ክረምቶች ሁለት ነገር ትዝ ይለኛል። አንዱ ወንዝ ወርደን ስንታጠብ ያየሁት ነው። ብሽሽቷ ላይ በግራም በቀኝም ትንሽ ሎሚ የሚያህል እብጠት ነበራት። «ከልጅነቴ ጀምሮ ያለ ነው፣ አያመኝም» አለችኝ። ሁለተኛው የወር አበባዬ መጀመሪያ እሷ ቤት መጥቶብኝ ጨርቅ እንድትሰጠኝ የጠየቅኋት ቀን ነው። የምትገባበት ጠፋት። ሳጥኑን ከፈተች፣ መልሳ ዘጋችው፤ በመጨረሻ ከጎረቤት ለምና አመጣችልኝ። በዚያ ዕድሜ ያለች ሴት ቤት እንዴት ጨርቅ ይጠፋል ብዬ አላሰብኩም። እሷም እንደ ማንኛዋም ሴት ናት ብዬ ነበር። በየወሩ አንድ እሁድ፣ የወር አበባ እንደመጣባቸው ሴቶች፣ ቤተ ክርስቲያን ሳትገባ ከቅጥሩ ውጭ ቆማ ስታስቀድስ አያታለሁና።

ዩኒቨርሲቲ ገባሁ፤ ባዮሎጂ ደረሰኝ። የፕላዝማ ዘመን ተማሪ ነኝ፤ ሁለተኛ ደረጃን የጨረስኩት ከቴሌቪዥን የሚፈጥነውን እንግሊዝኛ ሳልደርስበት ነው። ስለዚህ ጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ እየሣለ ቀስ ብሎ የሚያስተምር መምህር ሳገኝ አፌን ከፍቼ ነበር የምሰማው። አንድ ቀን ዲኤንኤን እንደተገመደ ገመድ ሣለው፤ ከላዩ ላይ ደግሞ ሁለት አንድ ዓይነት ነገሮች አስቀመጠ።

ስቴሮይድ ሆርሞን በደም ተጉዞ ሴል ውስጥ ሲገባ የሚጠብቀው ፕሮቲን አለ፤ ተቀባይ ይባላል። ሆርሞኑ እስኪመጣ ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል። ሆርሞኑ በሆዱ ያለውን ጎድጓዳ ሲሞላለት ቅርጹ ይለወጣል፣ ኒውክለስ ውስጥ ገብቶ ከመሰሉ ጋር ይጣመራል። እንደ በሬ ነው፤ ብቻውን አያርስም። እያንዳንዳቸው በዚንክ ተይዘው ቅርጻቸውን የሚጠብቁ፣ ጣት የሚመስሉ እጥፋቶች አሏቸው። ጥንዶቹ ጣቶቻቸውን በዲኤንኤው ፈር ውስጥ አግብተው እዚያ ያሉትን ፊደሎች ይዳስሳሉ። የሚያውቁትን ሲያገኙ ጭብጥ ያደርጉታል፤ ያኔ ያ ጂን ይታዘዛል።

መምህሩ ዳስተሩን አነሳና የሣላቸውን ጣቶች ከሰሌዳው ላይ አጠፋቸው። «አሁንስ?» አለን።

የወንድ ሆርሞን ተቀባይ ተበላሽቶበት የሚፈጠር ፅንስ አለ። ሆርሞኑ ሞልቷል፤ የሚጨብጠው የለም ወይም የጨበጠው ዲኤንኤው ላይ መቀመጥ አይችልም። ስለዚህ የወንድ ክሮሞዞም ይዞ የተፀነሰው ሴት ሆኖ ይወለዳል፤ ሴት ሆና ታድጋለች፣ ታገባለች። ማህፀን ግን የላትም። ማህፀን እንዳይሠራ የሚያዘው መልእክት በሌላ ተቀባይ ስለሚያልፍ እሱ ተሰምቷል። የወር አበባ አታይም። አንዳንዷ፣ ሳይወርድ የቀረው የወንድ ዘር ፍሬ ብሽሽቷ ላይ እብጠት ሆኖ ይኖራታል።

ጨርቅ የሌለበት ቤት ትዝ አለኝ።

አክስቴን ሐኪም ቤት ለመውሰድ ስንት ልመና እንደጠየቀኝ እኔ ነኝ የማውቀው። ለእብጠቱ ነው ብዬ ነው የወሰድኳት፤ ውሸትም አልነበረም፣ እያደር ሊከፋ ይችል ነበር። በአልትራሳውንድ ታየች፤ ማህፀን የለም። ቀዶ ሕክምና ተደረገላት። የወጣው ሥጋ ተመርምሮ ውጤቱ ሲመጣ ሐኪሙ ወደ ጎን ጠራኝና የጠረጠርኩት እውነት መሆኑን ነገረኝ። «ለእሷ አንቺ ብትነግሪያት ይሻላል» አለኝ።

የነገርኳት ቁስሏ ከዳነ በኋላ፣ ኅዳር ላይ፣ እሷው ቤት ለቡሬ ገበያ የሚሄደውን በርበሬ ጆንያ እየሞላን ነው። ሁለታችንም እያስነጠሰን። የጆንያ ማሰሪያውን ገመድ አንስቼ የሁለት እጄን ጣቶች በግምዱ መሀል አስገባሁ። መልእክቱ ሲመጣ እንዲህ የሚጨብጥ ነበር፣ በእርስዎ ገላ ግን ጣቶቹ አልያዙም አልኳት። ገመዱን ከእጄ ለቀቅሁት። ወንድ ሊሆኑ ነበር፣ ትእዛዙ ሳይሰማ ቀረና ሴት ሆነው ተወለዱ አልኳት። ተሳስቼ እንዳልጎዳት እያንዳንዱን ቃል እየመረጥኩ ነበር።

ሳቀች። «አባቴ ወንድ ነበር የተሳለ። ስለቱ ተመንገድ ቀረበት በይኛ!»

ከዚያ ሳቋ ቆመ። «ታዲያ አይመጣም ነበር?»

«ምኑ?»

«ልጁ ነዋ።»

«አይመጣም ነበር፣ አክስቴ።»

«ግሽ ዓባይ ድረስ በእግሬ ስመላለስስ? ያ ሁሉ ጠበል?»

በርበሬውን በእጇ እየጠቀጠቀች ለጆንያው የምትናገር ይመስል ቀጠለች። «ደሙን አይቸው አላውቅም። አማቴ እንዳትነቃብኝ በየወሩ ተደጅ እቆም ነበር። ንጹሕ ሆኘ፣ ተመቅደሱ ርቄ። ተሰውም ተባሌም ደብቄ፣ ይዘገያል እንጅ አይቀርም እያልሁ።» አፏን በነጠላዋ ጫፍ ያዘች። «ያን ቀንም ማሩን ተቀብቸው ነበር።»

«የቱን ማር?» አልኩ፤ የቱን እንደሆነ እያወቅሁ።

«ያንችን። ጓዳ ቁሜ ጡቴን ቀባሁት። ኋላ፣ የሰው ልጅ ከወሰድሁ እግዜር ይበቃታል ብሎ የኔን ይተወዋል ብየ ፈራሁ። በነጠላየ ጠረግሁት። አንችን ጠልቸ መስሎሽ ኖሯል?»

«አዎ» አልኳት። ሌላ ምን እላለሁ? ያን ሁሉ ክረምት ፊቴን ሳጠቁርባት መስሎኝ የኖረው እሱ ነው።

«እኔ ሌላ ስጠብቅ» አለች፣ «የኔዋ አዲስ ቀሚሷን ለብሳ ተመሀል ቁማ ኑራለች።»

ማልቀሷን ያኔ ነው ያየሁት። እኔም እያለቀስኩ ነበር፤ በበርበሬው ማሳበብ ይቻል ነበር፣ አላሳበብንም። ከእናቴ ሞት ወዲህ ማንንም «እማዬ» ብዬ አላውቅም፤ ልላት ፈለግሁ። ሁለት ጊዜ አፌን ከፈትኩ። ቃሉ አሥራ አምስት ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ሳልጠቀምበት ኖሮ እምቢ አለኝ። የወደቀውን ገመድ አነሳሁና «አክስቴ፣ ይያዙልኝ» አልኳት። የጆንያውን አፍ በሁለት እጇ ሰብስባ ያዘችልኝ፤ እኔ አሰርኩት።