አንድ መቶ ሦስት ሚሊሜትር

የባሌን ሽጉጥ ያስጨፈለቅኩት እኔ ነኝ። መንግሥት አይደለም፣ ፖሊስም አይደለም። እኔ ነኝ፣ በልብስ መለኪያ ሜትሬ። እህቴ ይህን ስነግራት ከደሴ በስልክ «አንቺ ደግሞ ስታጋንኚ!» ትለኛለች። ትበል፤ እሷ አብራን አልኖረችም።

ሜልበርን እንደመጣን የተከራየነው ሜድስቶን የሚባል ሰፈር ነበር። እኔ እዚያው አጠገባችን ባለው ትልቅ የገበያ ማዕከል፣ ሱሪ የሚያጥርበት፣ ዚፕ የሚቀየርበት ትንሽ ሱቅ ውስጥ ተቀጠርኩ። ባሌ ዲር ፓርክ አንድ መጋዘን ውስጥ ካርቶን ያሽግ ነበር። አገር ቤት ሳለ ወታደር ነበር፤ የጦር ክፍሉን ወክሎ በዒላማ ተኩስ የሚወዳደር፣ ስሙ የሚነሳ ተኳሽ። ሠራዊቱ ሲበተን ታሰረ፣ ሲፈታ ተሰደደ፣ እዚህ ደርሶ ተረጋጋሁ ሲል እጁ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሻይ ስሰጠው ግማሹ ሱሪው ላይ ነው። ሐኪሙ መረመረው፣ ምንም አላገኘበትም።

አንድ የሥራ ባልደረባው የሽጉጥ ተኩስ ክበብ ይዞት የሄደ ጊዜ እሳት ሆንኩ። «ከተኩስ ሸሽተን እዚህ ድረስ መጥተን፣ ደግሞ ተኩስ? ኧረ ተወኝ!» አልኩት። አልሰማኝም። ፈቃዱን አወጣ፣ ከአንድ አዛውንት የክበቡ አባል ያገለገለ ሽጉጥ ገዛ፣ ካዝና አስገብቶ ቆለፈበት። አንድ ቅዳሜ እስቲ ልየው ብዬ አብሬው ሄድኩ። ወላሂ፣ ያ ሻይ የሚደፋ እጅ ቀጥ ብሎ ቆመ። ፈረንጆቹ የዒላማውን ወረቀት አምጥተው መሐሉ ላይ የተጠጋጉትን ቀዳዳዎች እያሳዩኝ ያጨበጭባሉ። እሱ ደግሞ ይስቃል፤ ስንት ዓመት ያላየሁትን ሳቅ! ከዚያ በኋላ አፌን ዘጋሁ። ሰውየው ሳምንቱን የሚኖረው ለቅዳሜ ነበር፣ ሌላ ምንም አልነበረውም።

ሕጉ የጠበቀው በፈረንጆቹ ሁለት ሺዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው። ፌዴራል መንግሥቱና ክፍለ ግዛቶቹ ተስማምተው ትንንሽ ሽጉጦችን ከለከሉ። የእሱ ዓይነት ሽጉጥ በርሜሉ፣ ማለትም ጥይቱ የሚያልፍበት ቱቦ፣ ከአንድ መቶ ሃያ ሚሊሜትር ካነሰ ተረክበው ይጨፈልቁታል። ካላነሰ እንደገና ተመዝግቦ ባለቤቱ ጋር ይቆያል። ርዝመቱን ለክታችሁ ሞልታችሁ ላኩ የሚል ፎርም በፖስታ መጣልን።

ቤታችን ውስጥ ወረቀት የሚባል ነገር ሁሉ የእኔ ሥራ ነበር፤ የኪራዩም፣ የታክሱም፣ የመብራቱም። እንግሊዝኛ የምጽፈው እኔ ነኛ። ከፎርሙ ጋር አንድ ገጽ የአለካክ መመሪያ ተያይዟል። አላነበብኩትም። ለእኔ ደግሞ ማን ነው መለካት የሚያስተምረኝ? ዕድሜዬን ሙሉ ወገብና ትከሻ ስለካ የኖርኩ ሰው!

እሱ የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ፎጣ አንጥፎ ሽጉጡን ፈታና በርሜሉን ለብቻው አወጣልኝ። ቀጭን ቱቦ ነው፤ ከበስተኋላው ጥይቱ የሚቀመጥበት ወፈር ያለ ክፍል አለው። እኛ ልብስ ሰፊዎች የሸሚዝ ቁመት ስንለካ ኮሌታውን አንቆጥርም፤ ለብቻው ተቆርጦ የሚገጠም ነገር ነው። ያ ወፍራም ክፍል ለእኔ ዓይን ኮሌታ ነበር። ሜትሬን ከአፉ ጀምሬ ውፍረቱ እስከሚጀምርበት ዘረጋሁት። አንድ መቶ ሦስት።

«እስከ ኋላ ድረስ አይደለም እንዴ የሚለካው?» አለኝ።

«አንተ ተኩስህን ተኩስ፣ ልኩን ለእኔ ተወው» አልኩት።

ደግሜ ለካሁ። ያው አንድ መቶ ሦስት። ጻፍኩት፤ እሱ በባለንብረቱ ቦታ ፈረመ፣ እኔ ፎርሙን የሞላው ሰው በሚለው ሥር ፈረምኩ። ቁጥሩን ቆሞ አየውና «ይኼማ ሄደ በይኝ» አለ። በርሜሉን ጠርጎ መለሰና ገጠመው። አንጀቴን በላኝ፤ ግን ሕግ ነው ብዬ ፎርሙን አሽጌ ፖስታ ቤት ወሰድኩት።

የማስረከቢያው ቀን ሥራ ነበርኩ። ብቻውን ሄዶ ባዶ ቦርሳና አንድ ደረሰኝ ይዞ ተመለሰ። ደረሰኙን ሳላየው ፎልደር ውስጥ ከተትኩት።

ከክበቡ ደጋግመው ደወሉለት፤ ረዘም ያለ ግዛና ና አሉት። እኔም ጨቀጨቅኩት። «ሌላ ግዛ እንጂ! ሰው ሁሉ ገዝቶ ተመልሷል እኮ።»

«ይቅርብኝ።»

«ለምን?»

«ይቅርብኝ አልኩሽ!»

ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ ቅዳሜ አልጋው ላይ መዋል ጀመረ። መንቀጥቀጡ ባሰበት። መጋዘን ውስጥ ዕቃ ከእጁ እየወደቀ ሲያስቸግር መጀመሪያ ሺፍቱን ቀነሱበት፣ በኋላ ጭራሽ መጥራት ተዉ። ቤት ውስጥ ስሄድ ስመጣ በዓይኑ ይከተለኛል እንጂ አያወራም። ሐኪም ቀየርን፣ መድኃኒት ቀየርን። ምንም።

ከዓመታት በኋላ ወደ ታርኔት ልንዛወር ዕቃ ፓክ ስናደርግ ያ ፎልደር እጄ ገባ። ደረሰኙ ላይ የበርሜል ርዝመት ይላል፤ አንድ መቶ ሃያ አምስት። የሌላ ሰው ደረሰኝ መስሎኝ ስሙን አየሁ። የእሱ ነው። ያኔ የናቅኩትን መመሪያ ፈልጌ አወጣሁና ቆሜ አነበብኩት። ሽጉጡ ሳይፈታ፣ ባዶ መሆኑ ተረጋግጦ፣ ተዘግቶ፣ ቀጭን ዘንግ በአፉ እስኪቆም ድረስ ይገባል፤ አፉ ጋ ምልክት ተደርጎ ይወጣና ዘንጉ ይለካል። ወፍራሙም ክፍል ይቆጠራል።

እሱ ሳሎን መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ካርቶን ሊያሽግ ከፕላስተር ጋር ይታገላል። ደረሰኙን ፊቱ ዘረጋሁት።

«ይሄን አይተኸዋል?»

«አዎ» አለ። «ፖሊሱ እዚያው በዘንግ ለካው። ደግሞም ለካው። ሕጋዊ ነው፣ ይዘህ ግባ አለኝ። ይቺን ይቺን እንግሊዝኛማ እሰማለሁ።»

«ታዲያ!» ጮህኩበት።

«ፈርመሻላ። ፎርሙ ላይ።»

«ብፈርምስ?»

«የመሣሪያ መዝገብ ነው እኮ» አለ፣ ለሕፃን እንደሚያስረዳ ሰው። «አገር ቤት እኛ ጦር ክፍል መዝገብ ያዡ አንድ ቁጥር ተሳሳተ። ከወንበሩ አስነስተው ወሰዱት፣ በዚያው ቀረ። ፖሊሱ ቁጥሩን የጻፈው ማን ነው ሲለኝ፣ የተጻፈው ልክ ነው፣ ውሰዱት አልኩት።»

«እዚህ አገር ማን ያስረኛል? ሰርዘህ ጻፍ ነበር እኮ የሚሉህ! ሌላውንስ ለምን አልገዛህም?»

«ሌላ ብገዛ ሌላ ፎርም ይመጣል። የምትሞዪው አንቺ ነሽ።»

ልሰድበው አፌን ከፈትኩ፣ የምሰድበው ሰው አጣሁ። እንደዚያን ቀን ራሴን ጠልቼ አላውቅም። ይቅር በለኝ አልኩት። «ተጨፍልቋል እኮ» አለኝና የፕላስተሩን ጫፍ በጥፍሩ ሊያስነሳ ሞከረ፣ አቃተው። ተቀብዬው ካርቶኑን እኔ ዘጋሁት።